የጄኔቫ መኪኖች በጓዳችን ግድግዳ ላይ

መኪና አልወድም። ነድቼም አላውቅ። ነገር ግን በጄኔቫ ከተማ በየዓመቱ የሚደረገውን የመኪና ትርኢት ታሪክ በከተማችን በመካነ ሰላም ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የሚስቅ ይሳቅ፤ ያቺ እውቀት ምን እንዳደረገችልኝ እኔ አውቃለሁ።

ነገሩን ያመጣው አባቴ ነው። አባቴ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ደሴ ላይ ጋራዥ የነበረው አንድ ፈረንጅ አገር ሲለቅ ያከማቸውን መጽሔት ሁሉ ሰጠው። እሱም ለግድግዳ ይሆናል ብሎ በጆንያ አምጥቶ ጣለልን። ያን ጊዜ የጭቃ ግድግዳ በወረቀት ይለጠፍ ነበር፤ ብርድ ይከለክላል፣ ቤቱንም የሰው ቤት ያስመስላል። ዱቄት በውሃ እያፈላን፣ እየቀባን ለጠፍነው። አባቴ ግን «በምሰግድበት ቤት የሰው ምስል አይሰቀልም» አለና በየመኪናው አጠገብ ፈገግ ብለው የቆሙትን ሴቶች በመቀስ አስቆረጠን። መኪኖቹ የሴት ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ከጎናቸው ይዘው ቀሩ።

ታሪኩን ያነበበልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ደሴ ስለሚማር ፈረንሳይኛውን እንደ ምንም ይፈታዋል። ክረምት ሲመጣ በግድግዳው ዙሪያ እየዞርን እሱ ያነባል፣ እኔ እይዛለሁ። «ይች የጄኔቫ አገር የራሷ መኪና የላትም» ይለኝ ነበር፤ «እንደኛ ተራራ ናት። ግን ለማንም ስለማታደላ ሁሉም መኪናውን ይዞ እሷ ዘንድ ይሄዳል።» ከበሩ አጠገብ ጋሪ የሚመስሉት ጥንታውያኑ ነበሩ። ከምድጃው በላይ እንደ አውራ ዶሮ ደረታቸውን የነፉት። በጓዳው በኩል ዝቅ ብለው መሬት የሚልሱት። በትልቁ ጦርነት ጊዜ የትርኢቱ አዳራሽ ተዘግቶ ከርሟል፤ ጦርነቱ ሲያልፍ እንደገና ተከፍቷል። ይህን ሁሉ ስንማር ውጭ ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ፣ ከደሴ አንድ መኪና ሳይመጣ ክረምቱ ይወጣል።

ከዚያ ያ ክፉ ቀን፣ ረሃቡ፣ መጣ። ከቆላው የወጣው ሰው በየደጃፉ ወደቀ፤ የእኛም ከተማ ቀባሪ አጣ። ንጉሡ ወርደው፣ መሬት ላራሹ ታውጆ፣ ዝናቡም ተመልሶ እንኳ የሰው ዓይን ከዱቄት ላይ አልነሳ አለ። ማንም ግድግዳ አይለጥፍም ነበር። ማን አብዶ!

ወንድሜ በእግሩ ከደሴ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ጓደኞቹ ተይዘዋል፣ እሱም በፖለቲካ ይፈለጋል። በጓዳውና በአባቴ ዕቃ ቤት መካከል አንድ ሰው በጎኑ ብቻ የሚቆምባት ክፍተት ነበረች፤ እዚያ አስገባነው። አፏን በጆንያ ጋረድን፣ በጆንያው ላይ ደግሞ መጽሔት ለጠፍን። ሊበላና ሊፀዳዳ በወጣ ቁጥር ወረቀቱ ይቀደዳል፤ እንደገና እንለጥፋለን። እናቴ ለሙጫው ከራሷ ቁርስ ትቀንሳለች። ጎረቤት አይገባ፣ እኔ አልወጣ። ገበያ ከሄድሁ ከአፌ የሆነ ነገር ያመልጠኛል ብዬ እፈራለሁ። እሱ ከግድግዳው ውስጥ፣ እኔ ከግድግዳው ውጭ ታሰርን።

አሰሳው የመጣው አባቴ ወረኢሉ ገበያ በሄደበት ቀን፣ ልክ ለጥፈን እንደጨረስን ነው። የገቡት ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ካድሬና የቀበሌያችን ጥበቃ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌው በክፉ ቀን ልጆቻቸውን በሙሉ የቀበሩ ሰው ነበሩ።

ካድሬው ግድግዳውን አየና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ጄኔቫን ጀመርሁለት። ከበሩ አጠገብ ይዤ፣ ጋሪዎቹን፣ ደረታሞቹን፣ ያቺን መኪና የሌላትን አገር፣ ሁሉንም ለፈለፍሁ። እሱም ጠመንጃውን አንግቶ፣ አንዲት ቀይ መኪና ፊት ቆሞ ቀረ። ሽማግሌው ግን አልሰሙኝም። ቀስ ብለው ጓዳ ገቡ፤ እኔም አፌ እየተናገረ በዓይኔ ተከተልኋቸው። ጆንያው ፊት ቆሙ። ጣታቸውን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አሳረፉ፣ አዩት፣ ምላሳቸው ላይ አደረጉት።

በዚያ ዘመን፣ ያውም በእኛ አገር፣ ግድግዳ ላይ እርጥብ ዱቄት!

«ምን አገኙ?» አለ ካድሬው ከወዲያ።

«ጣሪያው ያፈሳል» አሉ። «ግድግዳው ረጥቧል።»

ዝናብ ካየን ወራት አልፎን ነበር። ካድሬው ግን ዓይኑን ከቀይዋ መኪና አልነቀለም። ሽማግሌው በአጠገቤ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጭቃ ጠፍቶ ነው፣ ልጄ? ዱቄትን የራበው ሰው ከሩቅ ያውቀዋል» አሉኝ። ተቆጥተው ነበር።

ሲሄዱ ጆንያውን ቀደድሁት። ወንድሜ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «የጦርነቱን ጊዜ ዘለልሽው» አለኝ። «አዳራሹ የተዘጋበትን።» ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እኔ ማልቀስ ጀመርሁ፣ እሱ አፌን ያዘኝ።

አንድ ሰው ካወቀ መቀመጥ አይቻልም። በገበያ ቀን ወንድሜ የአህያ ነጂ መስሎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከጎጃም ነጋዴዎች ጋር ወደ ዓባይ ወረደ። እናቴ እንባ አልወጣትም። የተቀደደውን በጭቃ ለጥፈን ዘጋነው።

ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌው ብቻቸውን መጡ። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው፣ ተቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉና በቀጥታ ጓዳ ገቡ። ግድግዳውን በጣታቸው መገጣጠሚያ አንኳኩ። ክፍተቱ ባዶ ድምፅ መለሰ።

«ደርቋል» አሉ። «አልሐምዱሊላህ።»

እናቴ ያን ባዶ ድምፅ ስትሰማ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።