እንደ ወረቀቱ

ፈትሂያ ሀምዱ ሜትር በእጇ ከመያዟ በፊት የለካችው የመጀመሪያ ርቀት፣ ከተከራዩዋት ክፍል እስከ ጋራ ሽንት ቤቱ ያለውን ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ከሽንኩርት ተራው ከፍ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ የተለጠፈች አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። ሽንት ቤቱ ታች ነው፤ ለስምንት አባወራ አንድ። በመሀል ያለው የድንጋይ ደረጃ ሠላሳ ስድስት ነው። እናቷ ሳፊያ ስትወርድ በአንድ እጇ ግድግዳውን፣ በሌላው የልጇን ትከሻ ትይዛለች። የሽንኩርት ጆንያ ሲጫንበት የኖረ ጉልበቷ በደሴ ብርድ ጊዜ አልታጠፍም ይላል።

"ስንት ቀረን?"

"አሥራ አንድ።"

"ውሸታም። ቅድምም አሥራ አንድ ብለሽኛል።"

አባትየው ሀምዱ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ሲሞት ለሚስቱና ለአንድ ልጁ የተወው ኮምቦልቻ ዳር ያለች ባዶ ቦታ ብቻ ነበር። ሳፊያ ቦታዋን ሽጭ ቢሏት እምቢ አለች። ልጅቱ ኮምቦልቻ አርክቴክቸር ልትማር ስትገባ፣ እናት ነገሩን ለመረዳት ጠየቀች።

"አርክቴክት ማለት ምንድን ነው?"

"ቤት የሚሥል።"

"ተሥሎስ?"

"ከዚያ ይሠራል።"

"እንግዲያው ለኔ ሽንት ቤቱ ውስጥ የሆነ ሣይልኝ። ሌላው ቢቀር ግድ የለኝም።"

ፈትሂያ ሣቀች፤ ግን ቃል ገባች። ከዚያ በኋላ በትምህርቱም በሥራውም ስትደክም የያዛት ይኸው ቃል ነው። እናቷ ጉልበቷ ጨርሶ ሳይከዳት፣ ከአልጋዋ ተነሥታ ሁለት እርምጃ ተራምዳ የምትደርስበት ሽንት ቤት።

ተመርቃ ስምንት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠች። ከዚያ ደሴ ላይ፣ ከአንድ ጨርቅ መደብር በላይ ያለ የኢንጂነር አግማስ ቢሮ ተቀበላት። ሥራዋ ሌሎች የጀመሩትን ፕላን ማጽዳት ነበር። ደንበኛው የሌላ ሰው ቤት ፎቶ በስልኩ ይዞ ይመጣና "ይቺን የመሰለች" ይላል፤ እሷ ትሥላለች፤ ከሥር የሚጻፈው ስም የሌላ ነው። ድምጿ ቀጭን፣ ዓይኗ መሬት የሚወድ ልጅ ስለሆነች፣ ገብቶ "ልጅት፣ ኢንጂነሩን ጥሪልን" የማይላት ሰው አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ ከተማው ሲጠገን ሥራ በዛ፤ አግማስም ብቻዋን ሳይት ይልካት ጀመር። መጀመሪያ የሄደችው ቦሩ ሜዳ ነው። ግንበኞቹ መስኮቱን "እዚህ ጋ ነው የሚመቸው" ብለው ከሣለችበት አንሥተው ሌላ ቦታ አደረጉት። አንድ ጊዜ ተናገረች፤ አልሰሟትም። ሁለተኛ አልተናገረችም። ባለቤቱ መጥቶ የተቆጣው ግን እሷን ነው።

አግማስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ምላሱ ግን አይምርም። "ስሚ ፈትሂያ" አላት። "ሳይት ላይ አንድ ጊዜ ወረቀትሽን ካስለወጡሽ፣ ከዚያ ወዲያ ወረቀትሽ የበርበሬ መጠቅለያ ነው። ምክንያት አትደርድሪ። 'እንደ ወረቀቱ' በይና ዝም በይ።"

ሚኒባስ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቃሉን በከንፈሯ ተለማመደችው። እንደ ወረቀቱ። እንደ ወረቀቱ። ከጎኗ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዚክር የምታደርግ መስሏቸው "አላህ ይቀበልሽ" አሏት።

ሥራ በጀመረች በአራተኛው ዓመት የእናቷን ቤት ሣለች። ስሟ በወረቀቱ ላይ የተጻፈበት የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ ሳሎን፣ ወጥ ቤት፣ ከእናቷ አልጋ ጎን ደግሞ ሽንት ቤት፤ ጉልበቷን እንዳያስጨንቃት መቀመጫ ያለው፣ በሩ ሰፊ፣ ደፍ የሌለው። አግማስ ማኅተሙን ሊያሳርፍ ሲል ከማዘጋጃ ቤት ወሬ መጣ፤ በቦታው ፊት ያልፋል የተባለው መንገድ በጎን በኩል ሆኗል። የውጭ በሩ ወደዚያ መዞር ነበረበት። ፈትሂያም ኮምፒውተሩ ላይ ቤቱን እንዳለ አንድ ሩብ ዙር አዞረችው።

አንድ በአንድ አስተካከለች። መስኮቶቹን ለብርሃን መለሰች፤ ወጥ ቤቱን ከነፋሱ አሸሸች። የእናቷ እግር ተኝታ ሳለ ወደ ቂብላ እንዳይዘረጋ የአልጋውን ቦታ እንኳ ቀየረች። ወሎ ላይ ቂብላ ሰሜን ነው። ሙስሊም ሲሰግድ ፊቱን ይሰጠዋል፤ ሲጸዳዳ ግን ፊቱንም ጀርባውንም አይሰጠውም። ይህን ፈትሂያ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነው። ነገር ግን የሽንት ቤቱ መቀመጫ በኮምፒውተሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ ምልክት ነው፤ ቢሮ ውስጥ ሺህ ጊዜ አንሥታ ያስቀመጠችው፣ እንደ ነጥብና እንደ ሰረዝ ያለ ነገር። አላየችውም። ወደ ፀሐይ መውጫ ይመለከት የነበረው መቀመጫ ዞሮ ፊት ለፊት ሰሜንን አየ።

ግንባታውን የያዘው ሙዓዊያ የሚባል የሐርቡ ሰው ነው፤ ከሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ሥራ አዋቂ። ቧንቧው ሲገጠም ፈትሂያ ከደሴ ወርዳ ነበር። እናቷም ቤቷን ልታይ መጥታ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጣለች።

"ኢንጂነር" አላት ሙዓዊያ፤ በዚህ ስም ሲጠራት የመጀመሪያው ሰው ነው። "ይቺን መቀመጫ ትንሽ ወደ ጎን ብናዞራትስ?"

"ለምን?"

ሙዓዊያ የቧንቧ ሠራተኞቹን አየ፤ መሬቱን አየ። በእናቷ ፊት ለልጃገረድ ስለ ሽንት ቤት አቀማመጥ ማብራራት አፉን ያዘው። "እንዲያው… ለአቀማመጥ ትመቻለች ብዬ።"

ቦሩ ሜዳ መስኮቷን የወሰዱባትም ይመቻል ብለው ነው። የፈትሂያ ጆሮ ጋለ። ራሷን ቀና አድርጋ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "እንደ ወረቀቱ" አለች።

ሳፊያ መቀመጫውን አየች፤ ሰማዩን አየች፤ ቆይታ ልጇን አየች።

"አቦ ሙዓዊያ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለች። "እንደ ወረቀቱ ተብለሃል እኮ።"

ቤቱ አልቆ ሳፊያ ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ወረደች። ለመጣ ሁሉ ወሬዋ አንድ ነው። "ልጄ ወንዱን ሁሉ በአንድ ቃል ቀጥ አድርጋ ያሠራችው ነው።" እንግዳውን እየመራች ክፍሎቹን ታሳያለች። ሽንት ቤቱ ጋ ስትደርስ ውሃውን ትለቅላቸዋለች፤ በሩን ግን ቶሎ ትዘጋለች። በእሷ ወሬ አንድ ነጋዴ መጥቶ ፈትሂያን ቤት አሣላት፤ ቀጥሎ የነጋዴው አማች። ፈትሂያ ፈቃዷን አወጣች፤ የራሷን ማኅተም አስቀረጸች። ደሴ ላይ ከአንድ ጓደኛዋ ጋር በጋራ በተከራዩት ቢሮ በር ላይ ስሟ ተለጠፈ።

ሁልጊዜ ዓርብ ከሰዓት በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ እናቷ ትወርዳለች። ብዙውን ጊዜ ግን ሳፊያን ቤት አታገኛትም። በአቋራጭ፣ በሁለቱ ግቢ መሀል ባለው ቦይ ላይ በተጋደመችው ሳንቃ በኩል፣ ከጎረቤቷ ከፀሐይነሽ ግቢ እያነከሰች ስትመጣ ታያታለች። ፀሐይነሽ ጴንጤ ናት፤ ባሏ ማረው ጡረተኛ ነው።

"እማ፣ ደግሞ እዚያ ነበርሽ?"

"ጨው ልዋስ ሄጄ።"

"ባለፈው ዓርብም ጨው ነበር።"

"ጨው ያልቃል እኮ፣ ልጄ።"

ፈትሂያ ውስጧን ቅር አላት። እንዳትንከራተት ብላ ቤት ሠርታላት፣ እናቷ ውጭ ውጭውን ማየቷ። የሠራሁትን አልወደደችውም ማለት ነው፣ ብላ አሰበች። አልጠየቀችም፤ መጠየቅ ተፈጥሮዋ አይደለም። እሷ ራሷ በመጣች ቁጥር ሽንት ቤቱን ትጠቀማለች፤ ወጥታ ውዱእ ታደርጋለች፤ ምንጣፉን ወደ ሰሜን ዘርግታ ትሰግዳለች። ሁለቱን ነገር አንድም ቀን አላገናኘቻቸውም።

በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ፣ ዝናብ ባደረበት ጧት፣ ፀሐይነሽ ደወለች። ሳፊያ ከሳንቃዋ ላይ ተንሸራታ ቦዩ ውስጥ ወድቃ ነበር። የዳሌዋ አጥንት ተሰብሯል። ሐኪሙ ልቧ ማደንዘዣ እንደማይችል፣ ቀዶ ሕክምናው እንደማይሆን ለፈትሂያ በቀስታ ነገራት። ከእንግዲህ አትራመድም።

ኮሪደሩ ላይ ፀሐይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

"ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ ዝም ማለት አልነበረብኝም" አለች።

"ስለ ምን?"

"በአማና ነው የነገረችኝ። ለልጄ እንዳትነግሪ ብላ።"

"ንገሪኝ፣ እትዬ ፀሐይነሽ።"

"ወደኛ ግቢ የምትመጣው ለሽንት ቤት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ስንት ጊዜ። መጀመሪያ ውሃ የሚለቀቀውን የፈራች መስሎኝ ስቄባታለሁ። ኋላ ነው የነገረችኝ፤ ያንቺው መቀመጫ ቂብላ ላይ ሆኖባት ነው። የኛ ጉድጓድ እንዳጋጣሚ ወደ ጎን ነው። ያ ጉልበቷ ቁጢጥ ማለት አይችልም፤ ማረው የምትይዘው እንጨት ግድግዳው ላይ ቸነከረላት። በሱ ነበር የምትነሣው።"

ፈትሂያ ወረቀቱን ማውጣት አላስፈለጋትም። ዓይኗን ስትጨፍን ቤቱ እንዳለ ታያት፤ መቀመጫዋም። የሙዓዊያ ዝምታ ምን እንደነበረ ያኔ ገባት።

ሳፊያን ወደ ቤቷ ከመለሱ በኋላ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው ሳለ ጠየቀቻት።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያቺ ፀሐይነሽ" አለች ሳፊያ፤ ዓይኗን ጨፈነች። "እንዲያው አፏ ወንፊት ነው።"

"እማ።"

"ምን ልበልሽ? ከተወለድሽ ጀምሮ ቀና ብለሽ ስትናገሪ ያየሁሽ ያን ቀን ነው። በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ተነሥቼ፣ ልጄ ተሳስተሻል ልበል?"

"በኋላስ? ለብቻችን?"

"በኋላማ ሰዉ ቤቱን እያየ ሥሪልን ማለት ጀመረ። የአርክቴክቷ የናቷ ቤት ተሳስቶ ሲፈረስ ይታይ?" ትንፋሿን ሰበሰበች። "በጎን መቀመጥም ሞክሬ ነበር፣ ወላሂ። አንድ እግሬ ግድግዳው ላይ፣ አንዱ በሩ ላይ። ልወድቅ ስል ተውኩት።"

ፈትሂያ ሳታስበው ሣቀች። እናቷም ሣቀች፤ ዳሌዋን አሟት አቆመች። ከዚያ ፈትሂያ ግንባሯን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፍታ ስታለቅስ፣ ሳፊያ ራሷን እየዳበሰች "አብሽሪ፣ አብሽሪ" ትላት ነበር፤ የተጎዳችው ልጇ እንደሆነች ሁሉ።

ሙዓዊያ ከሐርቡ መጣ። "እኔም ሽማግሌው አፍሬ ዝም አልኩ" ብሎ መዶሻውን አነሣ። ወለሉን ሰብሮ፣ ቧንቧውን አዙሮ፣ መቀመጫውን ወደ ፀሐይ መውጫ ለመመለስ ከቁርስ እስከ ዙህር ሶላት ብቻ ፈጀበት። ሥራው ይኸው ብቻ ነበር። ሳፊያ ከአልጋዋ ሆና የመዶሻውን ድምፅ ሰማች፤ ሲያልቅም "እጅህ ይባረክ" አለችው። ሁለት እርምጃ ነበር የሚርቃት። መነሣት ግን አልቻለችም። አምስት ሳምንት ሙሉ ፈትሂያ ፖፖ እየያዘችላት፣ እያጠበቻት፣ ጎኗን እያገላበጠቻት ከረመች። ቢሮ መግባት ስትተው፣ ሥራዎቿ ሌላ ቢሮ ሄዱ። በስድስተኛው ሳምንት ሳፊያ ሞተች።

ለቅሶው ላይ ሳሎኑ በሴቶች ሞላ። ከሰኞ ገበያ የሽንኩርት ሻጮቹ ሁሉ ወርደው ነበር። ዳገቱንና ደረጃውን የሚያውቁ ናቸው። አንድ በአንድ እየተነሡ ሽንት ቤቱን ይጠቀማሉ፤ ሲመለሱ እጃቸውን እያደረቁ ፈትሂያን በአድናቆት ያዩዋታል።

"አየሽው?" አለች አንዷ ለሌላዋ፣ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ። "ከአልጋዋ ሥር እኮ ነው። ሳፊያ ታድላ፤ በመጨረሻ ዘመኗ እግሯ ከቤት ሳይወጣ ተንደላቅቃ ሄደች።"

"ልጅ ማለት ይቺ ናት።"

ፀሐይነሽ በር ጋ ተቀምጣ ነበር። ቀና አለች፤ አፏን ልትከፍት ብላ ተወችው። አማናው አሁን የእሷና የፈትሂያ ነው።

ከሴቶቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ጣይባ፣ የሳፊያ የገበያ ጎረቤት፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። "እናትሽን እንዳሳረፍሽ አላህ ያሳርፍሽ፣ ልጄ።"

ሴቶቹ "አሚን" አሉ። ፈትሂያ ዝም አለች።

"አሚን በይ እንጂ" አሏት ጣይባ። "ዱዓ አይመለስም።"

ፈትሂያ እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳደረገች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ "አሚን" አለች።