እንቅልፍ የሚያስወስድ መቀመጫ

ጋሽ ዝምታ የመኪናና የሞተር ወንበር ይሰፋል። ሱቁን የማያውቅ ሰው ቢቸገር ወሬ ወደሚሰማበት በር መሄድ ብቻ ነው ያለበት። ወሬው ግን የሱ አይደለም፣ የባለቤቱ ነው። ሰፈሩ እሷን እትዬ ራዲዮ ይላታል። በር ላይ ትቀመጥና አላፊ አግዳሚውን ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለ አማቿ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሌሊት ስላየችው ሕልም ታጫውታለች። እሱ ከውስጥ ረጅሙን መርፌ በስፖንጅ ውስጥ እያሳለፈ "እም" ይላል። አንድ "እም" አዎ ማለት ነው። ረዘም ያለ "እምም" ከሆነ እስቲ አስብበታለሁ ነው። ለአይሆንም ምንም ድምፅ የለውም፤ መርፌውን ብቻ ያቆማል።

"በዚህ ቋንቋ ነው እንግዲህ ልጆች ያሳደጉት" ይላል ግድግዳ የሚጋራው ጎሚስታ፣ ጎማ ውስጥ ንፋስ እየሞላ።

ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት። ከሱ ብጠብቅማ አሁንም እየጠበቅኩ ነበር።

እትዬ ራዲዮ ካቻምና ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ገጠመ። ሕመሙ ግን እንግዳ ሆኖ ገባና ቤተኛ ሆነ። ጠንካራ ነገር ላይ ከተቀመጠች ብዙም ሳትቆይ ትነሳለች። ለምን እንደተነሳች አትናገርም፤ "እስቲ ቆም ልበል" ትልና ወሬዋን ቆማ ትቀጥላለች።

ታላቅ እህቷ ከተራራው አናት ላይ ባለች መንደር ንብ እያረባች ትኖራለች። የዚህችን እህት ዓይን ጨለማ ከዳር ወደ መሃል እየበላው መጣ። ሐኪሙም ወደፊት ምንም እንደማይቀራት ነግሯታል። በጋው እንደገባ ደወለች።

"አንቺ ልጅ፣ ቶሎ ነይ" አለቻት። "አሁን ፊት ለፊቴ የቆመውን አያለሁ። ቆይተሽ ብትመጪ የማገኘው ድምፅሽን ብቻ ነው። ድምፅሽን ደግሞ በስልክም ጠግቤዋለሁ።"

ሁለቱም ሳቁ። ስልኩ ሲዘጋ ግን እትዬ ራዲዮ በሩ ላይ ዝም ብላ ቀረች። ያን ቀን መንገደኛው ሰላምታ ሳይቀበል አለፈ። ከውስጥ መርፌው ቆመ።

ችግሩ መንገዱ ነበር። ያለፈው ክረምት ናዳ ተራራውን ከወገቡ ቆርጦታል። አውቶቡስ ናዳው ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ በድንጋይ ክምሩ መሃል የተረገጠች ቀጭን መንገድ አለች፤ እሷን ያለፈ ደግሞ ጠጠር የለበሰውን ረጅም ጠመዝማዛ አቀበት ያገኛል። ጤነኛ እግር ያለው በእግሩ፣ ሞተር ያለው በሞተር ይወጣል። እሷ እግሩም ሞተሩም አልነበራትም።

ሞተሩ ያለው ጎሚስታው ዘንድ ነው። ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ታንኩ ሰፊ፣ ጎማው እንደ አዞ ጀርባ ጎርባጣ የሆነ፣ ለተራራና ለጠጠር ተብሎ የተሠራ ሞተር። ከልጆቹ እኩል ያጥበዋል። ጋሽ ዝምታ ሄዶ አጠገቡ ቆመ።

"ምን ፈለግህ ጋሼ?"

ጋሽ ዝምታ በአገጩ ሞተሩን አሳየው።

"ኧረ ተወኝ! ከፈለግህ ኩላሊቴን ጠይቀኝ። እሱ እንኳ ሁለት ነው።"

"እህቷ" አለ ጋሽ ዝምታ።

ጎሚስታው ሞተሩን የሚወለውልበትን ጨርቅ ጣል አደረገ። ግድግዳው ስስ ነው፤ እትዬ ራዲዮም ድምፅ መቀነስ አታውቅም፤ ነገሩን ከነዝርዝሩ ሰምቷል። "እሺ፣ እኔ ራሴ ላድርሳት" አለ።

"ምን በወጣኝ!" የሚል ድምፅ ከደጅ መጣ። "ባሌ እያለ የጎረምሳ ወገብ አቅፌ ተራራ ልውጣ?"

"እትዬ፣ እኔ እኮ የልጆች አባት ነኝ።"

"እሱን ለሚስትህ ንገራት።"

በዚህ ተወሰነ። ጋሽ ዝምታ በወጣትነቱ ለዳቦ ቤት በሞተር ዳቦ ያመላልስ ነበር። ሞተር መንዳት አልጠፋበትም። ያ ግን አስፋልት ነው። ጎሚስታው ከሥራ በኋላ የደረቀ ወንዝ ውስጥ እየወሰደ ጠጠር ላይ መንዳት ያስተምረው ጀመር።

"ሞተሩ ከሥርህ ይወዛወዛል። ተወው፣ ይወዛወዝ! መሪውን አትነቀው፤ ጫጩት እንደያዝክ ያዘው። ሲያስቸግርህ መርገጫው ላይ ቁም። የፊት ፍሬን ደግሞ ጠጠር ላይ ጠላትህ ነው፤ ከነካኸው ራስህን መሬት ላይ ነው የምታገኘው።"

ነካው። ራሱን መሬት ላይ አገኘው። ተነስቶ አቧራውን አራገፈና "እም" አለ። በዚህ ዓይነት እየወደቀም እየተነሳም ለመደው።

የቀረው መቀመጫው ነበር። የሞተሩ የኋላ ወንበር ጠባብና ደረቅ ነው። በሱ ላይ እንኳን የተሰበረ ዳሌ ጤነኛም አይበረክት። ጋሽ ዝምታ ደግሞ ሲሠራ የራሱ ዘዴ አለው። እርጥብ አሸዋ የሞላ ሰፊ ትሪ ያስቀምጥና ላዩን በላስቲክ ይሸፍናል፤ ደንበኛውንም እዚያ ላይ ያስቀምጠዋል። ሰውየው ሲነሳ አሸዋው አጥንቱ የት እንደሚከብድ፣ ሰውነቱ ወዴት እንደሚያደላ ያሳያል። ስፖንጁ የሚቆረጠው በዚያ ልክ ነው።

እትዬ ራዲዮ ተቀመጠች። ተቀምጣም ማውራቷን ቀጠለች። እሷ ደግሞ የምታወራው በአፏ ብቻ አይደለም፤ በእጇም በትከሻዋም በወገቧም ነው። አሸዋው የቦካ ሊጥ መሰለ። ጋሽ ዝምታ ደልድሎ እንደገና አስቀመጣት። እንደገና ቦካ።

"ዝም በይ" አላት በመጨረሻ። "አሸዋው መስማት አልቻለም።"

ጎሚስታው ከግድግዳው ማዶ "ጋሼ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረ! ኧረ ሁለት ነው!" ብሎ ጮኸ። እሷ በሳቅ ፈረሰች፤ አሸዋውም አብሯት። በሦስተኛው ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ባሏ ጎንበስ ብሎ እየዞራት ዓይኖቿን ጨፍና ተቀመጠች።

ከታች ጠንከር ያለ ስፖንጅ፣ ከላይ ለስላሳ አደረገለት። የሚያማት ጎን ላይ አጥንቷ የሚያርፍበትን ቦታ ጎድጎድ አድርጎ ቆርጦ በሌላ በጣም ለስላሳ ሞላው። ከጀርባው መደገፊያ፣ ከጎንና ከጎን ትናንሽ ክንዶች አበጀለት። ጥቁር ቆዳ በፀሐይ እሳት ይሆናል ብሎ ነጣ ባለ የድንኳን ሸራ ሸፈነው። ጎሚስታው አየውና "ይሄ ሶፋ ነው። ሞተሬን ሳሎን አደረግኸው" አለ።

አንድ ማለዳ ሄዱ። ናዳው ጋ ሲደርሱ እሷ ወርዳ የድንጋዩን ክምር በምርኩዟ ቀስ ብላ ተሻገረች፤ እሱም ሞተሩን እየገፋ አሳለፈ። ከዚያ ጠጠሩ ጀመረ። ፀሐይዋ ገና በረፋዱ ትጋረፍ ነበር። ከመንገዱ ላይ አየሩ እንደ ውሃ ይርገበገባል፤ ከጎማው ሥር ጠጠሩ እንደ በቆሎ ፈንድቶ ወደ ገደሉ ይረጫል። ጋሽ ዝምታ መሪውን እንደ ጫጩት ያዘ። ከጀርባው እትዬ ራዲዮ ሥራ ላይ ነበረች። "ያቺን ፍየል አየሃት? የት ወጥታ እንደቆመች! … ኧረ ይሄ ኩርባ እንደ እናቴ መቀነት አያልቅም … ውሃ ልስጥህ? … ዝም ያልከው ጠምቶህ ነው ወይስ ያው አንተ ሆነህ ነው?"

"እም" ይላል እሱ፣ ሄልሜቱ ውስጥ።

እንዲህ እያሉ ሲወጡ ከኋላ ፀጥ አለ። መጀመሪያ ደስ የሚል ፀጥታ መሰለው። ቀጥሎ ሄልሜቷ ሄልሜቱን ኳ አደረገው። የሆነ ነገር ልታሳየው መስሎት ወደ ቀኝ አየ፤ ምንም የለም። ኳ። ወደ ግራ አየ፤ ገደል ብቻ። እትዬ ራዲዮ በፍየል ዝም አትልም፣ በገደል ዝም አትልም። "አንቺ!" አለ። መልስ የለም። በዚያችው ቅጽበት የሰውነቷ ክብደት ሁሉ ወደ ግራ ዘመመ፤ ሞተሩም ተከትሏት ዘመመ፤ የፊት ጎማው በጠጠሩ ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራተተ።

እጁ ወደ ፊት ፍሬን ሄደ። ጣቶቹ ነክተውት ተመለሱ። በኋላው ብቻ ይዞ፣ ግራ እግሩን አውርዶ እየጎተተ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ አቆመው። ጥቂት ጠጠሮች ቁልቁል ሲንከባለሉ ተሰማው። መሬት ለመድረስ ጊዜ ወሰደባቸው።

"ደረስን እንዴ?" አለች ከኋላው፣ በእንቅልፍ ድምፅ።

አውርዶ ድንጋይ ጥላ ሥር አስቀመጣት። እሱ ግን መቀመጥ አልቻለም። እሷ ነገሩ የገባት የጎማውን ዱካና ጠርዙን ስታይ ነው።

"ተኝተሽ ነበር" አላት።

"ትንሽ ሸለብ አደረገኝ።"

"እዚህ ላይ? በዚህ ኮረኮንች? በዚህ ሐሩር?"

የውሃውን ክዳን ታዞር ጀመር። ከዚያ፣ ያን ሁሉ ዘመን ስታወራ አንድም ቀን ያላወራችውን ነገረችው። ከወደቀች ወዲህ እንቅልፍ አይወስዳትም። ስትተኛ ዳሌዋ ይቀሰቅሳታል፤ ስትገላበጥ እንደገና ይቀሰቅሳታል። እሱን እንዳትቀሰቅስ ትንፋሿን አለስልሳ፣ የተኛች መስላ ታነጋለች። "አንተ የሠራኸው ወንበር ላይ ግን አላመመኝም" አለች። "መንገጫገጩ እንኳ አልተሰማኝም። ምን ላድርግ፣ ሰውነቴ አልጋ ያገኘ መሰለው።"

ጋሽ ዝምታ ተመልሶ ሞተሩ ጋ ሄደና የመቀመጫውን ሸራ በመዳፉ ዳሰሰው። የመሥሪያ ቢላውን ከኪሱ አወጣ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ለስላሳውን ላወጣው። ካመመሽ አትተኚም።"

ብሎ ቆመ። ቢላው ሸራው ላይ ነው። ወደ ላይ አየ፤ መንደሩ ከፀሐዩ ሥር ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ወደ ታች አየ፤ የወጡት አቀበት ሁሉ። ዘወር ብሎ እሷን አየ።

"እንመለስ ካልክም እመለሳለሁ" አለችው፣ እያየችው ሳይሆን መንደሩን እያየች።

ቢላውን አጠፈ። ከዕቃ መያዣው ሰፊ የወንበር ቀበቶ አወጣና ሲቀመጡ በሷ ወገብና በሱ ወገብ ዙሪያ አሰረው። ከዚያ ሄልሜቱን ከማድረጉ በፊት ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ አወራለሁ" አላት። "አንቺ እም በይ። እም ካላልሽ አቆማለሁ።"

"አንተ? ምን ልታወራ?"

"እንጃ።"

መጀመሪያ ያወራው ስለ ስፖንጅ ነው። የትኛው ቶሎ እንደሚሰምጥ፣ የትኛው ሙቀት እንደሚይዝ። "በዚህማ ጭራሽ ተኛሁልህ" ስትለው ወደ ደንበኞቹ ተሻገረ፤ ተቆጪው የታክሲ ነጂ ዘወትር ወደ ግራ አዘንብሎ እንደሚቀመጥ፣ አሸዋው ላይ ማን ምን ሆኖ እንደተነሳ። "እም" ትላለች፣ ትስቃለች፣ "እም" ትላለች። ኩርባው ሲጠብ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ሲሰፋ ይቀጥላል። ከዚያ ሳያስበው ዳቦው ላይ ደረሰ።

እሷ ያኔ የሆስፒታል ማዕድ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ዳቦውን የምትረከበው እሷ ናት። ዘወትር ትጨቀጭቀው ነበር፦ ለሌላው ሰው ሁሉ ትኩስ እያደረስክ ለኛ ለምን ቀዝቃዛ?

"መጨረሻ አንቺ ጋ የምመጣው" አለ ጋሽ ዝምታ፣ ዓይኑን ከጠጠሩ ሳያነሳ፣ "ከዚያ በኋላ የሚጠብቀኝ ሰው እንዳይኖር ነው። ሳልቸኩል ስታወሪ እንድሰማ።"

"እም" አላለችም። ደንግጦ ሊያቆም ሲል፣ በሁለት እጇ ወገቡን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ነቅታለች።

ከዚያ እስከ መንደሩ ድረስ ሲያወራ ወጣ።

እህትየው ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር፤ የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ሰምታ። እትዬ ራዲዮ ሄልሜቷን ስታወልቅ ፊቷ እንዳለ አቧራ ነበር። እህቷ አፍንጫቸው እስኪነካካ ተጠጋች።

"ይሄን ለማየት ነው እንግዲህ ዓይኔን ያቆየሁት? የጭቃ ማሰሮ!" አለችና በእጅጌዋ ጫፍ ትጠርጋት ጀመር። ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን ቀስ እያለች ጠረገች፤ አንዱን ስትጨርስ ራቅ ብላ ታያለች፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። እትዬ ራዲዮ ታለቅሳለች፤ እንባው አቧራውን መልሶ ጭቃ ያደርገዋል። "አቁሚ እንጂ፣ ሥራ አታብዢብኝ" ትላለች እህቷ፣ እሷም እያለቀሰች። ጨርሳ ብዙ ቆይታ አየቻት። "እናታችንን መስለሻል" አለች። "በቃኝ። ያዝኩት።"

ቀጥላ ወደሱ ዞረች። "መንገዱ እንዴት ነበር?"

ድምፁ ዘግቶ ነበር። "ደህና" አለ።

ጎሚስታው ሞተሩን በሰላም ሲመልሱለት ጎማውን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ ለሱም አዲስ መቀመጫ ተሰፍቶለታል። የእትዬ ራዲዮ መቀመጫ ግን አልተመለሰም። ጋሽ ዝምታ የእንጨት እግር ሠራለትና መሥሪያ ጠረጴዛው አጠገብ ተከለው።

እንግዲህ ሰው ነኝና ጠየቅኳት። ከዳቦው በኋላ፣ እስከ መንደሩ ድረስ፣ ምን ነበር የሚያወራልሽ? የፍየሏን ቀለም ሳይቀር የነገረችኝ ሴት ሳቀችና "እሱ የኔ ነው" አለች። ብለምናትም አልሆነም።

ባለፈው ሳምንት ከሱ ከራሱ ልሞክር ብዬ ወደ ሱቁ ገባሁ። በሩ ላይ ወሬ አልነበረም። አፌን ከመክፈቴ ጋሽ ዝምታ መርፌውን አቆመና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

"ቀስ" አለኝ። "ተኝታለች።"