ምሥራቅ ማለት ሲገባው

መርቪን ትሬሎር ዕድሜውን ሙሉ ግሬደር ነድቷል። በበረሃ ዳር ባለችው በበርድስቪል ከተማ ዙሪያ መኪና ሲመላለስበት እንደ ቆርቆሮ የሚሸነተረውን የአፈር መንገድ የሚያስተካክለው እሱ ነበር። ሚስቱ ኮራል፣ “ባሌ ያበጠ ነገር አይወድም፤ መንገድም ይሁን ሰው” እያለች ትቀልድበት ነበር።

የሐምሌ ብርድ በገባ ቁጥር ልጃቸውን ጃኒንን ከኋላ አስቀምጠው፣ ድንኳኑን መኪናቸው ጣሪያ ላይ አስረው፣ የሲምፕሰንን በረሃ ያቋርጣሉ። መነሻቸው ሁልጊዜ ከበረሃው በስተ ምሥራቅ ያለችው በርድስቪል ነው፤ ጉዟቸውም ሁልጊዜ ወደ ምዕራብ። ጃኒን አግብታ ከሄደች በኋላ እንኳ ሁለቱ ብቻቸውን መሄዳቸውን አልተዉም።

ኮራል ከሞተች በኋላ ጃኒን አባቷን አደሌድ ከተማ ወዳለው ቤቷ ወሰደችው። ነገሩ የጀመረው እዚያ ነው። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ቤቱ ጠፋበት። ሌላ ቀን ምድጃውን ሳያጠፋ ተኛ። አማቹ፣ “ሰው ሳይገድል መኪናውን እንሽጠው” አለ። ጃኒን፣ “አንድ ጊዜ በረሃውን ያሻግረንና እንየው” ብላ ለመነች። መርቪን ይህን ሁሉ ከጓዳ ሆኖ ሰምቷል። ሽርሽር ያሉት ጉዞ ፈተና መሆኑን ያውቃል። ከወደቀ፣ ከኮራል ጋር ወደ ኖረበት አገር ዳግመኛ በራሱ እጅ ነድቶ አይደርስም።

ከአደሌድ ስለተነሱ በረሃው ጫፍ የደረሱት በምዕራብ በኩል ነው፤ የዚህኛው ጉዞ አቅጣጫ ከድሮው ተቃራኒ ነበር። አሸዋው ከመጀመሩ በፊት መርቪን ጎማዎቹን ሊያስተነፍስ ተንበረከከ። የጃኒን ልጅ ቴጋን አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

“አያቴ፣ ሰው ጎማ ይነፋል እንጂ ያስተነፍሳል?”

“ግመል አላየሽም? እግሩ ሰፊ ስለሆነ አሸዋ ውስጥ አይሰምጥም። ጎማውን ግመል እያደረግነው ነው።”

“አንተንም ትንሽ ቢያስተነፍሱህ ጥሩ ነበር። ትናንት ማታ በማንኮራፋትህ ድንኳኑን ልትነቅለው ነበር።”

“ምላሳም! እናትሽን ነው የወጣሽው።”

ቀና ሲል ጃኒን ውኃ የምትቀዳ መስላ እጁን እጁን ስታየው ደረሰባት።

“ረሳሁ እንዴ?” አላት።

“ምኑን?”

“እንጃ። የምትጠብቂውን።”

ጃኒን ፊቷ ቀላና ወደ ውኃው ዞረች።

የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። ኮረብታ በኮረብታ ላይ ቢደራረብም መርቪን አንድም ቦታ አልሰጠመም። ሲመሽ እሳት አንድዶ ፍሙ ውስጥ ዳቦ ጋገረ። ጃኒን ትኩሱን ዳቦ ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠች፣ “አባዬ፣ እንደ ድሮህ ነህ” አለችው። የዚያን ዕለት ደስ ብሎት ተኛ።

በዚያ በረሃ የአሸዋ ኮረብታ የሚወጣ ሰው ከማዶ የሚመጣውን አያይም። ስለዚህ ነጂው ከመውጣቱ በፊት ወዴት እንደሚሄድ በመገናኛ ሬዲዮ ይናገራል። የሚመጣው ወደ አንተ ከሆነ ከታች ቆመህ ታሳልፈዋለህ። አቅጣጫችሁ አንድ ከሆነ ግን ያለ ሥጋት መንገድህን ትቀጥላለህ።

በማግስቱ ጠዋት መርቪን አንድ ትልቅ ኮረብታ ሥር ደረሰና ለዳገት የሚሆነውን ከባዱን ማርሽ፣ ሪዶታውን፣ አስገባ። ጃኒን ወደ ኋላ ዞራ ለቴጋን ብርቱካን ታቀብላለች። እሱ መናገሪያውን አነሳ።

“አንድ ነጭ መኪና ኮረብታውን እየወጣ ነው፤ ወደ ምዕራብ።”

የሽማግሌው ድምፅ እንደ ጎልማሳ የጸና ነበር። ፀሐይዋ ፊት ለፊቱ ዓይኑን እየወጋችው፣ ምላሱ ግን ከኮራል ጋር በድሮው መንገድ ይሄድ ነበር።

ጫፉ ላይ ሲደርስ ሌላ መኪና ከማዶ ብቅ አለ። ሁለቱም ፍሬን ያዙ። አሸዋው ተንሸራተተና አፍንጫ ለአፍንጫ ቆሙ። አንድ ጢማም ጎልማሳ ዘሎ ወረደ።

“አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ወደ ምዕራብ አላልክም? ከፊቴ የምትሄድ መስሎኝ ነው የወጣሁት! ልጆች ጭኛለሁ እኮ!”

“ምሥራቅ ነው ያልኩት” አለ መርቪን።

ቴጋን ከኋላ ሆና ቀስ ብላ፣ “አያቴ፣ ምዕራብ ነው ያልከው” አለች።

ሰውየው መሪውን የጨበጡትን የሽማግሌውን የተጨማደዱ እጆች አየ። ቁጣው ወዲያው ተነነ።

“ምንም አይደል፣ አባቴ። ያጋጥማል። ከፈለጉ መኪናውን እኔ ላውርድልዎ?”

መርቪን ስድቡን ችሎት ነበር። ይህኛው አጥንቱ ድረስ ገባ።

“አወርደዋለሁ” አለ። ቁልቁለትን ወደ ኋላ መውረድ ከሁሉም ይከብዳል። እሱ ግን በገዛ ዱካው ላይ ቀጥ አድርጎ አወረደው። ሌላው መኪና አጠገባቸው ሲያልፍ አንዲት ትንሽ ልጅ በመስኮቱ እጇን አወዛወዘችለት።



“አባዬ፣” አለች ጃኒን መኪናው ካለፈ በኋላ፣ “እቤት ማንም ማወቅ የለበትም።”

“ልጅቷን አየሻት?”

“አየኋት።”

“እጇን አወዛወዘችልኝ እኮ።” ቁልፉን ሳይነቅል በሩን ከፈተ።

“ቆይ፣ አትቸኩል። አሸዋውን ብቻ ልንዳልህና ከዚያ በኋላ...”

“ከዚያ በኋላ የለም፣ ልጄ። ቦታ ልቀቂልኝ።”

ኮፈኑን ተደግፎ ዞረና በተሳፋሪው በኩል ገባ። ጃኒን መሪው ጋ ተቀምጣ መናገሪያውን አነሳች። “ወደ ምሥራቅ” አለች።

መኪናው ሽቅብ ወጣ። ጫፉ ጋ ሲደርስ ኮፈኑ ወደ ላይ ቀና ብሎ ምድሩን ሁሉ ሸፈነው፤ የሚታየው ሰማይ ብቻ ሆነ። ኮራል ሁልጊዜ እዚህ ላይ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። “ፈሪ!” ይላት ነበር እየሳቀ። “አንተማ መሪ ይዘሃል፤ እኔ ምን ልያዝ?” ትለዋለች።

መርቪን በጭንቀት የሚይዘው ነገር ፈለገ፤ የበሩን እጀታ አገኘና ያዘ።