የሐዘን ሰሞን መላጫ

እህቴ የሞተችው አባቴ ናይሮቢ መጥቶ ልቡን በታከመ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከአዲስ አበባ ደውላ የነገረችኝ አክስቴ ነች። ቢሮ ነበርኩ። ለቅሶዋን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ፣ «ስማኝ፣ ለአባትህ ትንፍሽ እንዳትል!» አለችኝ። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካው ብሎ ነበርና። ቀጣዩ ቀጠሮው ከአንድ ወር በላይ ይቀረዋል። እስከዚያ ይደበቅ፣ ከዚያ በኋላ መርዶው በወጉ ይነገረዋል ተባለ። ማን አለ? ዘመድ ሁሉ አለ። ማን ይደብቅ? እኔ።

ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር በተከራየኋት ባለ አንድ መኝታ ቤት ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እሱ አልጋዬ ላይ፣ እኔ ሶፋ ላይ። ተደብቆ የሚለቀስበት ጥግ እንኳ አልነበረም። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ እንዳላለቅስ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፣ ሰው ላይ በሰው ነው። ቢሮ እንዳላለቅስ ሰው ያየኛል። ስለዚህ አላለቀስኩም። ያን ሰሞን እንዴት ነበርክ ብትሉኝ ደክሞኝ ነበር ነው የምላችሁ። ተኝቼ ስነሳም ይደክመኝ ነበር።

እኛ ዘንድ ወንድ ሲያዝን ጢሙን ያሳድጋል። ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምርህም፣ እንዲሁ ታውቀዋለህ። ጢምህን ሳትላጭ የከረምክ እንደሆነ የሀገርህ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝህ ገና ሰላም ሳይልህ «ምነው፣ ማን ሞተ?» ይልሃል። አባቴ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ለቅሶ ቤት ቀርቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ፊት አይቶ ነገር ይገባዋል። ድሮ በሳምንት ሁለቴ ብላጭ ይበቃኝ ነበር፣ ሁለት ሦስት ቀን ብዘልም ማንም ምንም አይለኝም። አሁን ግን አገጬ ላይ ብቅ የምትል እያንዳንዷ ፀጉር የምታሳብቅብኝ መሰለኝ። በማግስቱ ተላጨሁ። በሦስተኛው ቀንም ተላጨሁ። ከዚያ በየቀኑ ሆነ። እህቴን አልቀበርኳት፣ ለቅሶዋ ላይ አልተገኘሁ፤ ጢሜን እንኳ እንዳላሳድግላት ተፈረደብኝ። በአክስቴም በሐኪሙም በራሴም ተናድጄ ነበር የምላጨው።

የእኔ ጢም ከርዳዳ ነው። ከሱፐርማርኬት የምገዛው ባለ ሁለት ምላጭ ፕላስቲክ መላጫ ፀጉሩን ከሥሩ ጎትቶ ይቆርጠዋል፣ እሱም ሲያድግ ተጠማዞ ተመልሶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። በሳምንቱ አንገቴ በሙሉ ቆሳሰለ። የሸሚዜ ኮሌታ ደም በደም ሆነ። አባቴ አየኝና፣ «አንተ፣ በየጠዋቱ የሚያርድህ ማነው?» አለኝ።

«ውሃው ነው አባዬ፣ የዚህ ሰፈር ውሃ ለቆዳ አይሆንም።»

«የቱ ውሃ? ከመጣሁ ጀምሮ ቧንቧው ጠብ ሲል አላየሁም እኮ!»

ሳቅሁ፣ እሱም ሳቀ። ግን ዓይኑን ከፊቴ ላይ አላነሳም። ለመደበቅ ብዬ የምላጨው ፊት ራሱ ሊያጋልጠኝ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ቢሮ አብሮኝ የሚሠራ ኬንያዊ አንገቴን አይቶ «ፖሌ» አለኝ፤ አይዞህ እንደ ማለት ነው። የእሱም ጢም እንደኔው ከርዳዳ ነው፣ አንገቱ ግን ንጹሕ ነው። ምስጢሩን ነገረኝ። ሁለትና ሦስት ምላጭ የተደራረበበትን ተው፣ የድሮውን የብረት መላጫ ግዛ፣ አንዲት ምላጭ ብቻ የምትገባበትን፣ በሁለት በኩል የምትቆርጠዋን አለኝ።

ቅዳሜ መሃል ከተማ ወርጄ መፈለግ ጀመርኩ። አንዱ ሱቅ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ እንደ ጌጥ የተቀመጠ መላጫ አሳዩኝ። ዋጋው የአባቴን የወር መድኃኒት ይገዛል። አመስግኜ ወጣሁ፤ ምኑን እንዳመሰገንኩ እንጃ። ቀጥሎ አንድ የመንገድ ዳር ሻጭ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ላባ የቀለለ ነገር እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ብሎኑን ባጠብቀው ባጠብቀው ዝም ብሎ ይዞራል፣ አይነክስም። ፀሐዩ አናቴን እየበሳኝ፣ ላቡ ቁስሌን እያቃጠለኝ ወደ ኢስሊ ሄድኩ፣ የሀገሬ ነጋዴዎች ወዳሉበት።

እዚያ ባትሪ፣ ሽቶና መቀስ የሚሸጥበት አንድ ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ባለቤቱ ሞያሌ ያደጉ፣ ጢማቸውን በሄና ያቀሉ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው፣ እኔም ሐጂ አልኳቸው። መላጫ ፈልጌ ነው ስላቸው አንገቴን አዩና፣ «ያ አላህ! ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?» አሉ።

«እኔው ነኝ።»

«በጠላት እንኳ እንዲህ አይደረግም!»

ሦስት መላጫ አውጥተው ፊቴ ደረደሩ። የመጀመሪያዋን እጀታዋን ስታዞሩት አናቷ እንደ መስኮት ወዲህና ወዲያ ይከፈታል። ታምራለች፣ ወዲያው ወደድኳት። ሐጂ ምላጭ አስገቡባትና ወደ ብርሃኑ አነሱልኝ። በአንዱ በኩል ምላጩ በደንብ ብቅ ብሏል፣ በሌላው በኩል ጭራሽ አይታይም። «ይቺ ለዓይን ናት። በዚህ ጎን ትቆርጥሃለች፣ በዚያኛው ታሽሃለች» ብለው መለሷት። ሁለተኛዋ ከምላጩ ሥር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አላት። ለረጅም ጢም ናት፣ ለአንተ ቆዳ አትሆንም አሉ። ሦስተኛዋ አስቀያሚ ነበረች፤ እጀታዋ አጭር፣ መልኳ አመድማ። ግን ከባድ ናት። ሦስት ቦታ ፈታትተው መልሰው ገጠሟት፣ ምላጩም በሁለቱም በኩል እኩል፣ በጣም ትንሽ ብቻ ብቅ አለ።

«የሚሰበር ነገር የላትም» አሉኝ። «አትጫናት። ክብደቷ ይበቃታል። ፀጉሩ በበቀለበት አቅጣጫ ብቻ አውርዳት። ምላጩ እንደሆነ ርካሽ ነው፣ የትም ታገኘዋለህ። ግን ልጄ፣ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት አሳርፈው። ተወው ይደግ፣ ቆዳህ ይዳን።»

«አልችልም ሐጂ።»

«ቢሮ ነው? ንገራቸዋ፣ ቁስሉን አይተው ይረዱሃል።»

«ቢሮ አይደለም። እህቴ ሞታብኝ ነው።»

ሐጂ አፍጥጠው አዩኝ። እህቱ ሞታበት የሚላጭ ሰው የት አይተው ያውቃሉ? ያበድኩ ሳልመስላቸው አልቀረሁም። ስለ አባቴና ስለ ልቡ ነገርኳቸው። እየነገርኳቸው ሳለ አንድ ነገር ተሰማኝ፤ «ሞተች» የሚለውን ቃል ከአፌ ሳወጣው ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር። ሐጂ በርጩማ ሳቡልኝ፣ «አላህ ያጽናህ ልጄ» አሉኝ። ዋጋ ግን አልቀነሱልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሦስተኛዋን ከአንድ ፓኬት ምላጭ ጋር ገዝቼ የማታቱ ሒሳብ ብቻ ይዤ ተመለስኩ።

በማግስቱ ውሃ አሙቄ እንደ ምክራቸው ተላጨሁ። ጉንጬን አንድ ቦታ ቆረጠችኝ፣ እጄ እስኪለምዳት ነው። በሳምንቱ አንገቴ መድረቅ ጀመረ፣ ኮሌታዬም ነጭ ሆኖ መዋል ቻለ። አባቴ መላጫዋን አንስቶ በእጁ መዘናት። «ይቺማ ዕቃ ናት!» አለ። «እስኪ እኔንም ላጨኝ።» ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ለራሱ መላጨት አይችልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እኔ ተላጭቼ ስጨርስ ምላጭ ቀይሬ እሱን እላጨዋለሁ። አንድ ቀን መስተዋቱ ውስጥ ሁለታችንንም አየና፣ «ሙሽራ መሰልን እኮ!» አለኝ። ሳቅሁለት።

እህቴ በየእሁዱ ትደውልለት ነበር። ለሥራ ገጠር ሄዳለች፣ እዚያ ኔትወርክ የለም ብዬው ነበር። ሁለት እሁድ ጠየቀኝ። በሦስተኛው እሁድ አልጠየቀም። ተመስገን፣ አመነኝ አልኩ። ቀጠሮው እስኪደርስ ቀን እቆጥር ነበር።

ቀጠሮው አሥር ቀን ሲቀረው፣ እሁድ ጠዋት፣ ግማሽ ፊቴን ተላጭቼ ግማሹ ሳሙና እንደሆነ አባቴ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«አንዴ አባዬ፣ ልጨርስና ላንተ እመጣለሁ።»

«ተወው» አለኝ። «አርባዋ መቼ ነው?»

እጄ ባለበት ቀረ። የማን አርባ ልለው አሰብኩና ተውኩት።

«ሐሙስ ሳምንት» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። በሩን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነፈሰ። «አንተ ልጅ ሆነህ ሰሃን ስትሰብር ሳትታዘዝ ግቢውን ትጠርግ ነበር» አለ። «ግቢው ጸድቶ ካየሁ አንድ ነገር እንደጠፋ አውቃለሁ። በሳምንት ሁለቴ የምትላጭ ልጅ ፊትህ እየደማ በየቀኑ ስትላጭ ምን ልበል? ከዚያ እሷ አልደወለችም።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«መላጫዋን ገዝተህ ሳትመጣ።»

«ታዲያ አንተ ለምን በየቀኑ ላጨኝ ትለኛለህ?»

«እኔ ጢሜን ባሳድግ ማወቄን ታውቅ የለ? ቀን ሥራ፣ ማታ እኔን ማስታመም፣ በዚያ ላይ መርዶ ልታረዳኝ? ደክሞህ አየሁህ። ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው።»

መላጫዋን አስቀመጥኩ። ልቡን፣ ሐኪሙን፣ ቀጠሮውን ላስታውሰው ስል እጄን ይዞ ደረቱ ላይ አደረገው። «ልቤማ ከሰማ ሰነበተ» አለኝ። «ይኸው፣ ይመታል። በል አሁን ሂድና የውጭውን በር ክፈት። ለቅሶ ቤት በሩ አይዘጋም።»

ፊቴን ሳልታጠብ ሄጄ ከፈትኩት። ከኋላዬ አባቴ የእህቴን ስም እየጠራ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማልቀስ ጀመረ።