አልከፈት ያለ አፍ

ባለቤቴ ባረፈበት ክረምት መጀመሪያ የታመመችው ላማችን ነበረች። ጥቁርና ነጭ፣ ሰፊ ጀርባ ያላት የፎገራ ላም ናት፤ ከጥጃነቷ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። ሜዳው ላይ ውሃ ሲተኛ ከብቱ ሁሉ ወደ ወረታ ዳር፣ ወደ ደረቁ መሬት ይሰበሰባል፤ አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታም አብሮ ይመጣል። የላማችን ለሀጭ እስከ መሬት ተንጠለጠለ፣ ሰኮናዋ ቆሰለ፣ ሣር አልቀምስ አለች። አማቴ ምላሷን በጨውና በሎሚ አሹላት፤ እዚህ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ጡቷም ስለቆሰለ ጥጃዋን እየተራገጠች አላስጠጋ አለች። አማቴ ጣታቸውን የጎረቤት ወተት ውስጥ እየነከሩ ጥጃዋን ያጠቧት ነበር። ልጄ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ታያለች።

ላሟ ገና ስታነክስ ልጄ ታመመች። መጀመሪያ ትኩሳት ነው የጀመራት። ከዚያ በመዳፏ፣ በጣቶቿና በውስጥ እግሯ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ቀያይ ነገሮች ወጡ። አፏ ውስጥም ነበሩ፤ ስታለቅስ አየኋቸው። ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላትም። ምራቋን መዋጥ ስላቃታት ደረቷ እንደረጠበ ይውል ነበር።

አማቴ ልጅቱን ወደ በሩ ብርሃን ይዘዋት ወጡና መዳፏን ገለጡ።

«ይኸው! አፏ ለሀጭ፣ እግሯ ቁስል። የላሟ ነው የያዛት። አንቺ ደግሞ በረት ውስጥ ስትውል ዝም ብለሽ ታያታለሽ።»

«እማማ፣ ከብት የሚይዘው ሰውን ይይዛል?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ዓይን የለሽም እንዴ? አንድ ዓይነት አይደለም?»

አንድ ዓይነት ነበር። ማንበብ መጻፍ ባውቅም ያሉትን አመንሁ። ከቀብሩ ወዲህ የሚሉኝን ብቻ ነው የማደርገው። ብይ ሲሉኝ እበላለሁ፣ ተኚ ሲሉኝ እተኛለሁ።

«ያዣት» አሉኝ። ጣታቸውን ጨው አስነክተው የአፏን ውስጥ አሹት። ጩኸቷ እንዴት እንደነበረ አልጽፍም። እሳቸውም እያለቀሱ ነበር። «አባትሽን ወሰደብኝ፣ አንቺን አይወስድም፣ አንቺን አይወስድም» ይላሉ።

ከዚያ በኋላ ልጄ አፏን ዘጋች። ማንኪያ ስታይ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ጣት ስታይ ፊቷን ብብቴ ውስጥ ትቀብራለች። ወተት አቀረብን፣ የሩዝ ውሃ አቀረብን፣ ማር በጠበጥን። አልከፍት አለች።

በጭቃው አዝዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ነርሷ ወጣት ናት። መዳፏን፣ እግሯን፣ አፏን ቀስ ብላ አየች።

«ቫይረስ ነው» አለችኝ። «የእጅ፣ የእግርና የአፍ በሽታ ይባላል። ሰሞኑን ብዙ ልጆች ይዟል።»

«ላማችን አፍተግር ይዟት ነበር።»

«አይ እህቴ፣ የከብቱ ቫይረስ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ። ይሄ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው፤ በምራቅ፣ ባልታጠበ እጅ። ቤታችሁ ብዙ ሰው ይገባል?» አለችና የለበስሁትን ከል አየች። መልሴን አልጠበቀችም።

«መድኃኒቱን ስጪኝ» አልኋት።

«ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለንም። ለትኩሳቱ ሽሮፕ እሰጥሻለሁ፤ ሌላው በራሱ ይለቃታል። እኔን የሚያስፈራኝ አለመጠጣቷ ነው። ቀዝቃዛ ነገር በትንሽ በትንሹ ስጫት። ሽንቷን ተከታተዪ። እስከ ማታ ካልሸናች መልሰሽ አምጫት።»

መድኃኒት የለውም ሲባል ስለ አባቷም ሰምቻለሁ። በመጨረሻው ሰሞን እሱም ከማንም እጅ ውሃ አልቀበል ብሎ ነበር። ከንፈሩን በጥጥ ሳረጥብለት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ከጤና ጣቢያው ስመለስ ጀርባዬ ላይ ያለችው ልጅ እየቀለለች የምትሄድ መሰለኝ።

ከሐሙሲት፣ ከይፋግ ለለቅሶ የመጣው ዘመድ ሁሉ ከመታመሟ በፊት እሷን አቅፎ ይስም ነበር። አባት የሌላት ልጅ እያለ ከበላበት እጁ ያጎርሳት ነበር። ልጆቻቸውም ከእሷ ጋር በአንድ ኩባያ ይጠጡ ነበር። በሽታው ከየትኛው እጅ እንደመጣ ማን ያውቃል? የመጡት ሊያጽናኑን ነው። ምን ብዬ ልከልክል?

ነርሷ ያለችውን ለአማቴ ስነግራቸው መጀመሪያ ወደ በረቱ አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን። «ታዲያ ጨዉን በከንቱ ነው ያሸሁባት?» አሉና ጓዳ ገብተው ተቀመጡ። ወደ ልጅቱ ደግመው አልቀረቡም።

እኔ ቀዝቃዛ ውሃ በኩባያ ይዤ፣ ልጅቱን ጭኔ ላይ አድርጌ በሩ ላይ ተቀመጥሁ። ለመንኋት። ተቆጣኋት። አባበልኋት። ሁሉም ሲያልቅብኝ ኩባያውን አጠገቧ እንደያዝሁ ቀረሁ። ዓይኗ ገባ ገባ ብሏል፤ እንባም አልነበራትም። ከፊታችን በረቱ ነው፤ ጥጃዋ አንገቷን አውጥታ ታየናለች።

ልጄ ብዙ ቆይታ ጣቷን ኩባያው ውስጥ ከተተች። ያንኑ የቆሰለውን ጣቷን። አወጣችና ጠባችው። ፊቷ ተጨማደደ፤ ግን መልሳ ነከረች። ኩባያውን ላዘንብልላት ስል እጄን ገፋችው። የእኔ ድርሻ መያዝ ብቻ ነበር። ክንዴ ዛለ፤ ቢሆንም ለመንቀሳቀስ ፈራሁ።

«ምን ታደርጋለች?» አሉ አማቴ ከጓዳ በሹክሹክታ።

«ትጠጣለች።»

«በምኗ?»

«በጣቷ። እንደ ጥጃዋ።»

«ውይ የኔ ጥጃ!» አሉ። ነገር ግን አልወጡም።

ጀንበሯ ወደ ጣና በኩል ስታዘቀዝቅ ጭኔ ላይ ሙቀት ተሰማኝ። የከል ቀሚሴ ራሰ።

«እማማ፣ ሸናች!»

አማቴ ከጓዳ እየሮጡ ወጥተው እልልታውን ጀመሩት። ገና አንዴ «እል» እንዳሉ የለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አላቸውና አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እንደዚያው ቆመው ቀሩ። እኔም አልተነሣሁም፤ ልጅቱ ጣቷን ገና ትነክር ነበር።