የሰበታው ሐጂ ቡራዩ የዋሉበት ቀን

ንጋት 12 ሰዓት፣ ሱሉልታ

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በየከተማው የተነሳበት ሰሞን ነው፤ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሚውል የሚያውቅ የለም። የእኔ እንጀራ ደግሞ ማመስገን ነው፦ ለበጎ አድራጎት ድርጅታችን የለገሱ ሰዎችን ይዤ እየዞርኩ ልግስናቸው የት እንደደረሰ አሳያለሁ። ለዛሬ ከጋበዝኳቸው አራት ለጋሾች ሦስቱ በስልክ "ይቅርብን" ብለዋል። የቀሩኝ የሰበታው ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ሙዘሚል ብቻ ናቸው።

"እህቴ፣ እኛም ብንቀርስ?" አለኝ ሾፌራችን ግርማ ሞተሩን እያሞቀ።

"ሽማግሌው በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል፤ ንዳ ባክህ!"

2 ሰዓት ተኩል፣ ሰበታ

ከአየር ጤና ጀምሮ የቆሙ የጭነት መኪናዎች፣ መዝጊያቸውን ገርበብ ያደረጉ ሱቆች፣ በየጥጉ በሹክሹክታ የሚያወራ ሰው። አንድ ኪሎ ሙዝ ገዛሁ፤ ከጭንቀት የተነሳ አንዱንም አልቀመስኩት። ሐጂ ኮታቸውን አስተኩሰው ቆመዋል።

"አይፈሩም እንዴ ሐጂ?"

"እፈራለሁ እንጂ! ግን የሰጠሁት የስፌት መኪና ይሥራ አይሥራ ሳላይ ልሙት?"

4 ሰዓት፣ ቡራዩ

የስፌት መኪናው የተሰጣት ጫልቱ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች የምትኖር። "አካም ቡልተን"፣ እንዴት አደሩ ብላ ሐጂን እጅ ነሳች። እኔ እንደልማዴ በሐጂ ፊት የምታነበውን የምስጋና ወረቀት ሰጥቼ ካሜራዬን አወጣሁ። "እየተራብኩ እለምን ነበር" የሚለው ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች።

"ማነው ይሄን የጻፈው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምኜ አላውቅም እኮ! የሰው ልብስ አጥቤ ነው ልጆቼን ያበላሁት። አላነብም።"

"ለቢሮ ነው፣ እባክሽ..." አልኩ። አፌን በቆረጠው! እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ሐጂ ወረቀቱን ዞረው አላዩትም። ካለቁት ዩኒፎርሞች አንዱን ገልብጠው ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ጎተት ጎተት ያደርጋሉ።

"ያንቺ እጅ ነው? ጎበዝ! ይሄ ልጁ ቢያድግም አይተረተርም" አሏት። ያኔ ፈገግ አለች።

7 ሰዓት፣ እዚያው

አስፋልቱ ላይ ጎማ ይቃጠላል፤ ጭሱ እዚህ ድረስ ይሸታል። መንገዱ ተዘግቷል። ጫልቱ የቆርቆሮ በሯን ቀርቅራ ምሳ አቀረበች።

"ሽሮ ናት ሐጂ፣ ሥጋ የለባትም፤ ሳይሳቀቁ ይብሉ።"

ሁለት ጉርሻ ሳንጎርስ በሩ ተደበደበ። የብዙ ወጣቶች ድምፅ ነው፤ የድርጅት አርማ የተለጠፈባት መኪናችን ደጅ ቆማለች፤ የመንግሥት መስላቸው ይሆናል። ግርማ ቁልፉን ጨብጦ ላብ በላብ ሆነ፤ ሐጂ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጫልቱ የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከፍታ ወጣችና በሩ መሀል ቆመች።

"ኬሱማ ኮቲ!" ስትል ሰማኋት፤ እንግዶቼ ናቸው። ከዚያ በኦሮምኛም በአማርኛም ወረደችባቸው። "ቤቴ ምሳ የሚበላን ሰው የሚነካ፣ መጀመሪያ እኔን ይንካ!"

"ቶሌ፣ አደ ጫልቱ" አለ አንዱ፣ እሺ ወይዘሮ ጫልቱ ማለቱ ነው። ኮቴያቸው ራቀ። ተመልሳ ገባችና "ወጡ ቀዘቀዘባችሁ" አለች።

11 ሰዓት ተኩል፣ ወደ ሰበታ

መንገዱ ሲከፈት ወጣን። ዓለም ገና ስንደርስ ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ያንቺ ሥራ ማመስገን አይደል? እስቲ ንገሪኝ፤ እቺን ሴት ምን ብዬ ላመስግናት?"

ጫልቱ አላነብም ያለችውን ወረቀት አወጣሁና ባዶውን ጀርባውን ገልብጬ ከእስክሪብቶ ጋር ሰጠኋቸው።