የአማቴ ምሰሶ

ትናንት የልጅ ልጄ ከጓሮው ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ ቀትር ሳይሞላ የጎጆውን ምሰሶ አቆመ። ቤት መሥራት እንዲህ ይቅለል? እኔ በማየት ብቻ ደከመኝ።

ንጉሡ ገና ከአንኮበር ሳይነሡ፣ እኔ ልጅ ሙሽራ ሳለሁ፣ ባሕር ዛፍ የሚባል አናውቅም። የደብረ ብርሃን ሜዳ ራቁቱን ነው። ድንጋይና ጭቃ ሞልቷል፣ ሣርም ከለመኑ ይገኛል፤ እንጨት ግን ከአንኮበር ቁልቁለት ነው የሚመጣው፤ ያውም ጫካው የንጉሥ ነውና በፈቃድ። ባሌ ወልዴ በጋውን ሙሉ ደጅ ሲጠና ከርሞ ለምሰሶ አንዲት ጥድ ተፈቀደችለት። እኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ። አማቴ ቤት ከጥጆች ጎን ተኝቼ፣ የአማቴን ሳልና ነገር እየሰማሁ ማደር ታክቶኛል። ክረምት ሳይገባ መውጣት ነበር ጭንቄ።

ግንቦት ሲያልቅ ደቦ ጠራን። የነበረንን ገብስ አሟጥጬ ጠላ ጠመቅሁ፣ የባቄላ ንፍሮ ቀቀልሁ። ግድግዳው ቆሞ ጥዱ ሲነሣ፣ በዳገቱ ሲጎተት ድንጋይ የመታው ወገቡ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ሰው ወደየእርሻው ሊበተን ነው፤ ሁለተኛ የሚመጣልን የለም። ጭቃው ላይ ዘፍ ብዬ አለቀስሁ።

ዳር ተቀምጠው ያዩ የነበሩት አማቴ ተነሡ።

«የኔን ምሰሶ ንቀሉ» አሉ።

«እማ፣ አንቺስ የት ትገቢያለሽ?» አለ ወልዴ።

«እናንተው ዘንድ ነዋ!» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?»

ሰማዩን አየሁ። በአንኮበር በኩል ጠቁሯል።

«ደስ ይለኛል፣ እሜቴ» አልሁ። በግድም ፈገግ አልሁ።

ከሰዓት በኋላ አሮጌው ቤት ፈረሰ። የጥላሸትና የከረመ ሣር ሽታ መንደሩን ሞላው። ጢስ ያጠቆረው የወይራ ምሰሶ እኛ ጎጆ መሐል ቆመ፤ አማቴም አጠገቡ መደብ አሠርተው፣ እስኪሞቱ ድረስ እዚያው ሆነው አዘዙኝ። ጣራ አገኘሁ፤ የራሴ ቤት ግን አላገኘሁም። አልጠላኋቸውም። ቤቱን አፍርሶ የሰጠ ሰው እንዴት ይጠላል? ደከመኝ እንጂ።

ዛሬ ጧት የልጅ ልጄ ሙሽራ መጥታ፣ «እሜቴ፣ መደብዎን በየት በኩል እናድርግልዎ?» አለችኝ። ፈገግታዋን አወቅሁት።

«የለም ልጄ፣ እኔ እዚሁ ቤቴ ይሻለኛል» አልኋት።

ሳታስበው በረጅሙ ተነፈሰች። እኔም ደስ አለኝ። የእኔ ጣራ ግን የዘንድሮን ክረምት መቻሉን እንጃ።